የናቫሆ ብርድ ልብስና የፋብሪካ ፈትል

በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ ዛሬ አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮና ዩታ የሚባሉት ግዛቶች በሚዋሰኑበት ሰፊና ደረቅ ምድር ላይ የሚኖረው የናቫሆ ሕዝብ ራሱን «ዲኔ» ብሎ ይጠራል፤ ትርጓሜውም «ሕዝብ» ማለት ነው። ይህ ሕዝብ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሴቶቹ ከበግ ጠጉር በሚሸምኑት ብርድ ልብስ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተሠሩት ብርድ ልብሶች ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ለገበያ ሲወጡም እጅግ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣሉ።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ግን አንድ ወገን ለብዙ ዘመን እንደ እንጀራ ልጅ ሲታይ ኖሯል። ይኸውም ሴቶቹ በፈተሉት ጠጉር ሳይሆን ከፋብሪካ ወጥቶ በነጋዴ እጅ በመጣ ፈትል የተሸመነው ነው። እውነተኛው የናቫሆ ብርድ ልብስ ሴቲቱ የገዛ በጓን ሸልታ፣ ጠጉሩን ፈትላና ቀለም ነክራ የሠራችው ነው፤ የተገዛ ፈትል ከገባበት ግን የጥበቡን መውደቅ ያመለክታል የሚለው ፍርድ በነጋዴዎችና በሰብሳቢዎች ዘንድ ጸንቶ ቆይቷል። የፈትሉ ታሪክ ከመነሻው እየተከተሉ ሲመረምሩት ግን ይህ ፍርድ የሚጸና ሆኖ አይገኝም። ነገሩም የሰብሳቢዎች ክርክር ብቻ አይደለም፤ የአንድን ሕዝብ ሥራ «እውነተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን የማን እንደ ነበረና የፍርዱን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ የሚገልጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በናቫሆ ትውፊት ሽመናን ለሴቶች ያስተማረችው «የሸረሪት ሴት» የምትባለው ቅድስት ፍጥረት ናት። የታሪክ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ጥበቡ የተወሰደው ከጎረቤቶቻቸው ከፑዌብሎ ሕዝቦች መሆኑን ያስረዳሉ። ፑዌብሎዎች እስፓኛውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ ጥጥ እያለሙ ይሸምኑ ነበር። በ1598 ሁዋን ዴ ኦኛቴ የመራቸው እስፓኛውያን ሰፋሪዎች ወደ ኒው ሜክሲኮ ሲገቡ በግ ይዘው መጡ። ቹሮ የሚባለው የዚህ በግ ዘር ጠጉሩ ረጅምና ቅባቱ ጥቂት ስለ ሆነ ውሃ በሚቸግርበት አገር በእጅ ለመፍተል የተመቸ ነበር። በ1680 ፑዌብሎዎች በእስፓኝ አገዛዝ ላይ ተነሥተው ገዦቹን አባረሩ፤ ከ1692 ጀምሮ እስፓኛውያን ተመልሰው አገሩን ሲይዙ ግን ብዙ ፑዌብሎዎች ሸሽተው በናቫሆ ሕዝብ መካከል ተጠጉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1706 የተጻፈ የእስፓኛዊ አገረ ገዥ ሪፖርት ናቫሆዎች የበግ ጠጉር ሸምነው እንደሚለብሱ ይናገራል። በ1795 ደግሞ አገረ ገዥው ፈርናንዶ ዴ ቻኮን ናቫሆዎች ጠጉርን ከእስፓኛውያን በበለጠ ጥራትና ውበት እንደሚሠሩ መስክሯል።

እንግዲህ የጥበቡ መሠረት ራሱ ከልዩ ልዩ ወገን የተገኘ ነው። የሽመናው ዕቃ የመጣው ከፑዌብሎ፣ በጉ የመጣው ከእስፓኝ ነው። በፑዌብሎ ዘንድ ሽመና በብዛት የወንዶች ሥራ ሲሆን በናቫሆ ዘንድ ግን የሴቶች ሥራ ሆነ፤ ሴቶቹም የተቀበሉትን ሁሉ ወደ ራሳቸው መልክ ለወጡት።

የናቫሆ ሴት የሽመና ዕቃ እንደ ኢትዮጵያው ሸማኔ ዕቃ ጉድጓድ ላይ የሚዘረጋና በእግር የሚረገጥ አይደለም። ሁለት ቋሚዎች ይተከላሉ፤ ከላይና ከታች አግዳሚ እንጨት ይታሰርባቸዋል፤ ድሩም በመካከላቸው ቀጥ ብሎ ይወጠራል። ሸማኔዪቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ማጉን በጣቶቿ ቀለም በቀለም እየለየች ታስገባለች፤ በጠፍጣፋ እንጨትና በእንጨት ማበጠሪያም እየመታች ታጠብቀዋለች። ማጉ ድሩን ፈጽሞ ስለሚሸፍነው ዓይን የሚያየው ማጉን ብቻ ነው፤ ስለዚህም የማጉ ቅጥነትና ቀለም የሥራውን መልክ ይወስናል። ድሩም ከመጀመሪያው በታሰበው ልክ ስለሚወጠር ብርድ ልብሱ ሲያልቅ በመቀስ አይቆረጥም፤ አራት ጠርዞቹ ሙሉ እንደ ሆኑ ከዕቃው ይወርዳል።

ከሽመናው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ዝግጅቱ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ከጉድፍ ይጠራል፣ ይበጠራል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ቀጭን እንዲሆን ከተፈለገም ደጋግሞ ይፈተላል፤ ከዚያም በኋላ ቀለም ይነከራል። የዚህ ድካም ብዛት ካልታወቀ የተገዛ ፈትል ለአንዲት ሸማኔ ምን ማለት እንደ ነበረ ሊታወቅ አይችልም።

ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ቀለም ከበጉ ከራሱ ይገኛል። ብጫው ከአገሩ አበባ ይወጣል፤ ሰማያዊው ኢንዲጎ በንግድ ከሜክሲኮ ይመጣ ነበር። የጠለቀ ቀይ ቀለም ግን በአገሩ አልተገኘም። የናቫሆ ሴቶች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ጨርቅ መተርተር ነው። በእንግሊዝ አገር በብዛት እየተሠራ በእስፓኝና በሜክሲኮ በኩል የሚመጣ፣ እስፓኛውያን «ባዬታ» የሚሉት ቀይ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ቀለሙ ኮቺኒል ከሚባለው የአሜሪካ ነፍሳት ወይም ላክ ከሚባለው የእስያ ነፍሳት ይወጣል። ሴቶቹ ይህን ጨርቅ ይገዙና ክር በክር እየተረተሩ፣ አንዳንዴም እንደገና እያከረሩ፣ በብርድ ልብሳቸው ውስጥ ማግ አድርገው ያስገቡት ነበር። እንዲህ ያለው ብልሃት በሌላም አገር ታይቷል፤ በምዕራብ አፍሪካ የአሻንቲ ሸማኔዎች በ18ኛው ምዕተ ዓመት ከአውሮፓ የመጣውን የሐር ጨርቅ እየተረተሩ የራሳቸውን ልብስ ሠርተውበታል። በሁለቱም ዘንድ የባዕድ ጨርቅ እንዳለ አልተለበሰም፤ ወደ ክርነት ተመልሶ እንደ ጥሬ ዕቃ ተቈጠረ።

ሜክሲኮ በ1821 ነጻ ከወጣች በኋላ ከሚዙሪ ወደ ሳንታ ፌ የሚወስደው የንግድ መንገድ ተከፈተ፤ የውጭ ዕቃም በዛ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የተፈተለና ቀለም የተነከረ ፈትልም መምጣት ጀመረ። ይህ በጀርመን አገር ስም «ሳክሶኒ» የተባለው ፈትል ከሦስት ክር የተገመደ፣ ቀጭን፣ ለስላሳና በተፈጥሮ ቀለም የተነከረ ነበር። ዋጋው ውድ ስለ ነበረ በጥቂቱ፣ ያውም በምርጥ ሥራ ላይ ብቻ ይገባ ነበር።

ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት «የአለቃ ብርድ ልብስ» የተባለው የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ስሙ ግን ከገዢዎቹ ወገን የመጣ ነው፤ ናቫሆዎች ሕዝቡን ሁሉ የሚገዛ አለቃ አልነበራቸውም። ብርድ ልብሱን በብዙ ፈረስና ቆዳ እየለወጡ ይለብሱት የነበሩት ዩት የሚባሉትና የታላቁ ሜዳ ሕዝቦች ባለጸጎችና መሪዎች ስለ ነበሩ እንዲህ ተባለ። የመጀመሪያው ዓይነት ሰፋፊ ነጭና ጥቁር ቡናማ መስመር ከጥቂት ሰማያዊ ጋር ያለው ነው። በሁለተኛው ዓይነት አጫጭር ቀይ ዘርፎች ተጨመሩበት፤ በሦስተኛው ደግሞ በመካከሉና በማዕዘኖቹ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ገባ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ የሚታየው ቀይ ብዙውን ጊዜ ከባዬታ የተተረተረ ክር ነው። እንግዲህ ንጹሕና ጥንታዊ ተብሎ የሚመሰገነው ሥራ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ክር የገባበት ነው። የተገዛ ፈትል የውድቀት ምልክት ከሆነ ውድቀቱ ከፍታ ከሚባለው ዘመን ጋር አብሮ ነበር ማለት ነው።

በ1846 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ጦር ኒው ሜክሲኮን ያዘ። ከዚያ ወዲህ በሰፋሪዎችና በናቫሆዎች መካከል የነበረው የከብት ዘረፋና የሰው ምርኮ አልበረደም፤ በ1863 ጀኔራል ጄምስ ካርልተን ሕዝቡ ከአገሩ እንዲነቀል ወሰነ። ትእዛዙን የፈጸመው ኪት ካርሰን በመንደርና በእርሻ ላይ ዘመተ፤ እህሉን አቃጠለ፣ በጎቹን ነዳ ወይም አረደ። በ1864 በካኞን ደ ሼ ሸለቆ ውስጥ የነበሩት የኮክ ዛፎች ተቈረጡ። የተራበው ሕዝብ እጁን እየሰጠ፣ በልዩ ልዩ ቡድን ተከፍሎ ወደ ምሥራቅ 480 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። የተሰበሰበበት ስፍራ በፔኮስ ወንዝ አጠገብ ያለው ቦስኬ ሬዶንዶ ነበር፤ ናቫሆዎች «ሁዌልዲ» ይሉታል። ከ8,000 በላይ ሰዎች እስከ 1868 በዚያ ታገቱ። ውሃው ጨዋማ፣ ማገዶው ጥቂት ነበር፤ አዝመራው በትል ጠፋ፤ ብዙ ሰዎች በበሽታና በረኀብ ሞቱ።

ለሸማኔ ሴቶች የዚህ ጥፋት ትርጉም ግልጽ ነው። በጎቹ ከጠፉ ጠጉር የለም፤ ጠጉር ከሌለ ፈትል የለም። ስለዚህ የፋብሪካ ፈትል በብዛት የገባበት ምክንያት የሴቶቹ ስንፍና ወይም ለአዲስ ነገር መጓጓት ነው ማለት አይቻልም፤ መንጋው በጦርነት ስለ ጠፋ ነው። በእስር ዘመን መንግሥት ከሚያድለው ዕቃ ጋር ፈትልም ይታደል ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1868 በተፈረመው ውል ሕዝቡ ወደ አገሩ እንዲመለስ ተፈቀደ፤ መንግሥትም 15,000 በግና ፍየል ገዝቶ ሊሰጥ፣ ለ10 ዓመትም ለእያንዳንዱ ሰው በየዓመቱ እስከ 5 ዶላር የሚያወጣ ልብስ፣ ዕቃ ወይም ጥሬ ዕቃ ሊያድል ቃል ገባ። ውሉ ሕዝቡ ልብሱንና ብርድ ልብሱን ራሱ እንዲሠራ የሚያደፋፍር፣ ራሱ ሊሠራው የሚችለውም ዕቃ እንዳይሰጠው የሚከለክል ነበር። በዚህም ምክንያት ከሚታደለው ዕቃ ውስጥ ፈትል ተገቢ ስፍራ አገኘ።

ይህ ፈትል «ጀርመንታውን» ይባላል። ጀርመንታውን በ1683 ከጀርመን አገር የመጡ ሰፋሪዎች የቈረቈሩት፣ በ1854 ከፊላደልፊያ ከተማ ጋር የተቀላቀለ፣ በሹራብና በካልሲ ሥራ የታወቀ መንደር ነው። ስሙ እየቈየ በሌላ ቦታ ለተሠራውም ተመሳሳይ ፈትል ተሰጠ። በ1860ዎቹ አጋማሽ የመጣው ከሦስት ክር የተገመደ ነበር፤ ከ1870ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ከአራት ክር የተገመደው በረከተ። ቀለሙም አዲስ ነበር። በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ወይን ጠጅ ቀለም ካገኘ በኋላ አኒሊን የተባሉት በኬሚስትሪ የሚሠሩ ቀለሞች በዓለም ተሠራጭተው ነበር። አስቀድሞ ቀይ ለማግኘት ጨርቅ ትተረትር የነበረችው ሴት አሁን ቀዩን፣ ብርቱካኑን፣ አረንጓዴውን፣ ወይን ጠጁን በአንድ ጊዜ በእጅዋ አገኘች።

ያደረገችበትም ነገር የሚያስደንቅ ነው። ፈትሉ እኩልና ቀጭን ስለ ሆነ ጥቃቅን ቅርጾችን በጠባብ ቦታ መሥራት፣ እያንዳንዱን ቅርጽ በሌላ ቀለም መክበብ ተቻለ። የሰሜን ሜክሲኮ ከተማ የሳልቲዮ ልብስ የሚታወቅበት ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ በሪዮ ግራንዴ ሸለቆ ሸማኔዎች በኩል ወደ ናቫሆዎች እንደ ደረሰ ይታመናል። የናቫሆ ሴቶች ይህን ቅርጽ ከመካከል አውጥተው በጠቅላላው ገጽ ላይ አባዙት፤ ቀለሙን ከቀለም ጋር አጋጩት። ከ1880 እስከ 1900 ገደማ የተሠሩት እነዚህ ሥራዎች ለተመልካች የሚንቀሳቀሱ ስለሚመስሉ «ዓይን አጥበርባሪ» የሚል ስም ወጣላቸው። በአንዳንዶቹም ላይ የባቡር፣ የከብትና የሰው ሥዕል ተሸመነ።

በዚሁ ዘመን ዋሽንግተን ማቲውስ የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም ሴቶቹ ሲሠሩ ተመልክቶ በ1884 የታተመ ጥናት ጻፈ። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ለዚህ ጉዳይ ዋና ምስክር ነው። የሪዮ ግራንዴ ሜክሲካውያን በመንኰራኵር ይፈትሉ ነበር፤ ናቫሆዎች ይህን መሣሪያ ብዙ ጊዜ አይተውታል፣ ሊገዙትም ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ከእንዝርታቸው አልተለዩም። በእግር የሚረገጠውንም የእስፓኛውያን የሽመና ዕቃ አልወሰዱም። እንግዲህ ሴቶቹ የመጣውን ሁሉ የሚቀበሉ አልነበሩም። ፈትሉን ወሰዱ፤ መንኰራኵሩን ተዉ። ቀለሙን ወሰዱ፤ ዕቃቸውን አልለወጡም። ምርጫው የራሳቸው ነበር።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የምድር ባቡር በናቫሆ አገር ደቡብ በኩል አለፈ። ከባቡሩም ጋር ፈትል በርካሽ ደረሰ፤ ገዢ ቱሪስትም መጣ። በየስፍራው የተተከሉት የንግድ ቤቶች ዱቄት፣ ቡናና ስኳር በብርድ ልብስ ይለውጡ ጀመር። ተራውን ሥራ ነጋዴው እንደ ጠጉር በሚዛን ይገዛው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ወፍራምና ያልተጣራ ፈትል በዛ፤ ቀጭን ፈትላ የምትደክም ሴት ተጎዳች። በጀርመንታውን ፈትል የተሸመነው ግን በሚዛን ሊገዛ የማይመች ጥሩ ሥራ ነበር። ድሩም ሳይቀር ከፋብሪካ በመጣ የጥጥ ሲባጎ የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ ለመንገደኛ የሚሸጡ ትንንሽ ናሙናዎችም ይሠሩ ነበር።

ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ነፋሱ ተለወጠ። በአሜሪካ ከተሞች ያሉ ሀብታሞች የፋብሪካ ዕቃ ሰልችቷቸው በእጅ የተሠራና ጥንታዊ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመሩ። በጋናዶ የንግድ ቤት የነበረው ሁዋን ሎሬንሶ ሀበል በ1902 ባወጣው የዋጋ መዝገብ የድሮውን ሥራ ለመጠበቅ እንደሚተጋ ለገዢዎቹ አስታወቀ፤ የድሮ ብርድ ልብሶችን ሥዕል አስሥሎ ሴቶቹ እንዲመለከቱት በግድግዳው ላይ ሰቀለ። በክሪስታል የነበረው ጄ. ቢ. ሙርም በ1903ና በ1911 መዝገብ አሳትሞ በእጅ የተፈተለውን አስመሰገነ። ብርድ ልብሱም እየወፈረ በቤት ወለል ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ ሆነ። ናቫሆዎች ራሳቸው ግን በዚህ ጊዜ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገዝተው ይለብሱ ነበር።

ይሁን እንጂ የነጋዴዎቹ ሥራ ከቃላቸው ጋር ሁልጊዜ አይስማማም ነበር። ለሀበል ከተሠሩት የድሮ ሥራ ቅጂዎች አንዳንዶቹ የተሸመኑት በጀርመንታውን ፈትል ነው። ሙርም ጠጉሩን ታጥቦ እንዲመለስለት ወደ ምሥራቅ ፋብሪካዎች ይልክ ነበር። «እውነተኛ» የሚለው ቃል እንግዲህ ከሸማኔዎቹ ልማድ የወጣ መለኪያ ሳይሆን ከገበያ ጋር የሚለዋወጥ የንግድ ምልክት ነበር። የዚህንም ምልክት ወጪ የሸፈነችው ሴቲቱ ናት። የፋብሪካ ፈትል ሲከለከል የመበጠሩና የመፍተሉ ድካም ወደ እርስዋ ተመለሰ፤ ለተጨመረው ድካም ግን ተገቢ ዋጋ አልተጨመረም። ካቲ ማክሎስኪ በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ የንግድ ቤቶቹን መዛግብት መርምራ ሸማኔዎቹ የነጋዴዎቹን ንግድ እንደ ደገፉ፣ ራሳቸው ግን በድህነት እንደ ቀሩ አስረድታለች። በዚያው ዘመን በቹሮ ፋንታ የገቡት ለሥጋና ለፋብሪካ የሚመቹ በጎች ጠጉራቸው አጭርና ቅባታም ስለ ሆነ በእጅ መፍተል ይበልጥ ከባድ ሆነ። በ1930ዎቹ መንግሥት የመሬቱን መጐዳት ምክንያት አድርጎ መንጋውን በግድ ሲቀንስ የቹሮ ዘር ሊጠፋ ደረሰ፤ መልሶ የማርባቱ ሥራ የተጀመረው በ1977 ነው።

የፋብሪካ ፈትል ለታሪክ ጥናት የሰጠው ጥቅምም አለ። የናቫሆ ሸማኔዎች በሥራቸው ላይ ስምና ዓመት አይጽፉም ነበር፤ ከእነርሱ የሚበዙት ስማቸው ጠፍቷል። በእጅ የተፈተለ ነጭ ክር መቼ እንደ ተፈተለ ብቻውን አይናገርም። የተገዛ ፈትል ግን የሚታወቅ የልደት ዘመን አለው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ጆ ቤን ዊት በ1970ዎቹ በብዙ ቤተ መዘክሮች ያሉትን ብርድ ልብሶች እየዞረ መረመረ፤ ክሩ በስንት እንደ ተገመደ፣ ወደ የትኛው ወገን እንደ ከረረ፣ ቀለሙ ከነፍሳት ወይም ከአኒሊን የመጣ መሆኑን ለየ። እርሱ በ1997 ከሞተ በኋላ፣ በ2003 የታተመው መጽሐፉ ለዚህ ጥናት መሠረት ሆኗል። በአኒሊን የተነከረ ክር ያለበት ብርድ ልብስ ከ1856 በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ከአራት የተገመደ ጀርመንታውን ያለበትም ከቦስኬ ሬዶንዶ በኋላ የተሠራ ነው። እንደ ጉድለት የተቈጠረው ፈትል የዘመን ምስክር ሆኖ ተገኘ።

በ1972 በሎስ አንጀለስ ከተማ ቤተ መዘክር የናቫሆ ብርድ ልብሶች እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ቀርበው ከታዩ ወዲህ አስተያየቱ እየተለወጠ መጥቷል፤ ዓይን አጥበርባሪዎቹም ክብር አግኝተዋል። ቢሆንም በመጻሕፍት የዘመን አከፋፈል ከ1868 በኋላ ያለው ጊዜ እስካሁን «የመሸጋገሪያ ዘመን» ይባላል፤ ከአንድ ሙሉ ነገር ወደ ሌላ ሙሉ ነገር የሚያልፍ፣ ራሱ ግን ያልሞላ ዘመን ይመስል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሴቶች ግን መንጋቸውን አጥተው፣ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ከእስር በእግራቸው የተመለሱ ነበሩ። ዕቃቸውን እንደገና ተከሉ፤ ባሸነፋቸው መንግሥት እጅ የመጣውን ፈትልም እናቶቻቸው ባዬታውን እንደ ተረተሩት ወስደው ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራውን ሠሩበት። ዛሬም ብዙ የናቫሆ ሸማኔዎች የተዘጋጀ ፈትል ገዝተው ይሸምናሉ፤ ሌሎች ደግሞ የቹሮን ጠጉር በእንዝርት ይፈትላሉ። የሥራው እውነተኛነት የሚመረመር ከሆነ መመርመር ያለበት ክሩ የተፈተለበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን በተወጠረው ድር ፊት የተቀመጠችው ሴት ያሰበችውና የወሰነችው ነገር ጭምር ነው።